ሬሳ የሌለው ሙሾ

በሕይወቴ እንደ አስራ አንደኛ ክፍል የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ያስፈነጠዘኝ ነገር የለም። ክፍል ውስጥ የተማርነውን ማለቴ አይደለም። ክፍል ውስጥማ ሐይቅ ከተማ ላይ ሰባ ሆነን ታጭቀን፣ እኔ ከኋላ መስኮቱ ሥር ግማሹን ሰዓት አንቀላፍቼ ነው ያሳለፍኩት። የምለው ወረርሽኙ መጥቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ወደየቤታችን ከተበተንን በኋላ በስልክ የተማርነውን ነው።

እኔ የአምባሰል ገጠር ልጅ ነኝ። ሐይቅ ቤት ተከራይቼ፣ በየሁለት ሳምንቱ ከቤት ስንቅ እያመላለስኩ ነበር የምማረው። ተዘጋ ሲባል ፍራሼን ጠቅልዬ ወደ ቤተሰቦቼ ገባሁ። ለጥቂት ቀን ነው ብዬ ነበር። ወር ሆነ፣ ሁለት ወር ሆነ፣ ክረምቱ ገባ። ደብተሬን አይጥ ጀመረችው።

አንድ ቀን የአማርኛ መምህራችን የስልክ ግሩፕ ከፍተው፣ ቁጥራችንን ከዚህም ከዚያም አፈላልገው፣ ስልክ ያገኘነውን ሃምሳ ያህል ተማሪዎች ሰበሰቡን። የመጀመሪያ መልእክታቸው «ክፍሉ ተከፍቷል። ያረፈደ ውጭ ይቆማል» የሚል ነበር። እውነትም ያረፈደን ውጭ ማቆም ልማዳቸው ነው። አሁን ግን ሁላችንም ውጭ ነበርን። እኔ ኔትወርክ የማገኘው ከቤታችን በላይ ካለው እርከን ወጥቼ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆሜ፣ ፊቴን ወደ ሐይቅ አቅጣጫ ስመልስ ነው። ትንሽ ወደ ግሸን በኩል ዞር ካልኩ ይጠፋል። ዝናብ ሲመጣ ጆንያ ደርቤ እቆማለሁ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ይቺ ልጅ ለየላት ማለቱ አልቀረም። ይበል። እኔ ገነት ገብቻለሁ።

ስልክ ላይ ፊደል መልቀም ስለሚያሰለች የምናወራው በቮይስ ነበር። ቁልፉን ተጭነህ ትናገራለህ፣ ስትለቀው ይሄዳል። ታዲያ ከድምፁ ጋር የሰው ቤት ሁሉ አብሮ ይመጣል። አንድ የዓሣ አጥማጅ ልጅ አለ፤ ከሐይቁ ዳር ሲናገር ውኃው ሲንቦጫረቅ ይሰማል፤ መሐል ላይ አባቱ «መረቡን ያዝ አንተ!» ብለው ሲቆጡትም ይገባል። መምህራችን ስለ ተለዋጭ ዘይቤ ሲያስረዱን ዶሯቸው እንቁላል ጥላ ትንጫጫለች። ከእኔ በኩል የሚሰማው ነፋስ ብቻ ነው፤ «ነፋሷ መጣች» ይሉኝ ነበር። ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ተቀምጬ የማላውቃቸውን ልጆች በሁለት ሳምንት አወቅኳቸው።

ከሁሉም ያስገረመችኝ ከአርዲቦ ገጠር የመጣች፣ የአርዲቦዋ ልጅ የምንላት ናት። ክፍል ውስጥ ስትጠየቅ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት የምታይ ልጅ ነበረች። ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም። ስልክ ላይ ግን ፊት የለ፣ ዓይን የለ፤ ልጅቱ አንበሳ ሆነች። አንድ ስንኝ ወርውረውላት ከሆነ ከዚህ ትገባበታለች፣ በዚያ ትወጣበታለች፣ «ወላሂ ቲቸር እኔ በዚህ አልስማማም» ብላ መምህሩን ራሳቸውን ታስጨንቃቸዋለች። ቀናሁባት። ቅናቴን አልደብቅም፤ እሷን ለማሸነፍ ስል ነው ሥነ ጽሑፍ የወደድኩት።

በሐምሌ መምህራችን አንድ ሥራ ሰጡን። «እያንዳንዳችሁ ከሰፈራችሁ አንድ ሕያው ቃል ግጥም ታመጣላችሁ» አሉ። «ከመጽሐፍ የተቀዳ አልፈልግም። ከሰው አፍ ቅዱት። ድምፁን ላኩ፣ ቃሉን ጽፋችሁ ላኩ። ከዚያ ክፍሉ ይፈርዳል።»

ጉድ ፈላ። የዓሣ አጥማጁ ልጅ አባቱ መረብ ሲጎትቱ የሚያዜሙትን ቀድቶ ላከ፤ «ነይ ነይ» የሚለው ለዓሣዋ ነው ወይስ ለሴት ብለን ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን። መጨረሻ ላይ አባቱን ጠይቆ መጣ። «ለሁለቱም ነው ብለዋል» ሲለን መምህራችን እንኳ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። የአርዲቦዋ ልጅ የአያቷን መንዙማ አመጣች። ያን ቀን ክርስቲያኑም እስላሙም ዝም ብሎ ሰማ፤ ማንም ሊተች አልደፈረም፣ መምህራችንም ዝም አሉ። እሳቸው ዝም አሉ ማለት ወደዱት ማለት ነው። እኔ ድንጋዬ ላይ ቆሜ በቅናትም በደስታም ዘለልኩ፤ ስዘል ኔትወርኩ ጠፋ።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ግን አንድ ነገር ነበር፤ ለግሩፑም አልተናገርኩትም። ሥራው በተሰጠን ሰሞን አባቴ በረት በር ላይ እናቴን ሲያነጋግራት ሰምቻለሁ።

«ትምህርት ቤቱ እንደሁ አልተከፈተ፤ ይከፈት አይከፈት የሚያውቅ የለም» አላት። «የሰፈሯ ልጆች ሁሉ ሄደው ቤተሰባቸውን እየደገፉ ነው። ገበያ ስወርድ ለሰውየው ቃሌን እሰጠዋለሁ።»

ሰውየው ማን እንደሆነ ልጅ አዋቂው ያውቃል። ሴቶች ልጆችን ወደ ዓረብ አገር የሚያሻግር፣ ገበያ ቀን ውጫሌ ላይ የማይታጣ ሰው ነው። ከእኔ ጋር ስምንተኛ ክፍል የተፈተኑ ልጆች በእሱ እጅ ሄደዋል።  አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከልቡ ይጠቅማታል ብሎ ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ማልቀስ አይሆንልኝም፤ ስናደድ ሥራ ነው የምሠራው። የመጨረሻ ሥራዬ ከሆነ፣ የአርዲቦዋ ልጅ እንኳ ዕድሜ ልኳን የማትረሳው ሥራ ይሆናል አልኩ።

ስለዚህ ወደ አልቃሿ ሄድኩ።

የእኛ አገር አልቃሽ ሌላ ናት። ቀጭን፣ ረዥም፣ ለቅሶ በሌለበት ቀን ደግሞ ከእሷ በላይ ቀልደኛ የለም። ነገሩን ስነግራት ጎመኗን እየቀነጠሰች አዳመጠችኝ።

«ለማን ልታስለቅሽኝ ነው?» አለች።

«ለትምህርት ቤት ነው፣ እትዬ።»

«ትምህርት ቤቱ ሞተ እንዴ?»

«ተዘግቷል።»

«እንግዲያማ ይለቀስለታል» አለችና ከት ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን ፊቷን ሰብሰብ አደረገች። «ስሚ አንች ልጅ። ቤት ውስጥ አይሆንም። ሬሳ በሌለበት ቤት ሙሾ አይወርድም፤ ኸወረደ ሬሳውን ፍለጋ ይዞራል። ወንዝ ወርደን ነው። አንችም ቤት አስገብተሽ እንዳታሰሚው።»

ማልኩላት። ወንዝ ወረድን። ከብዙ ዓመት በፊት ለአንድ ገበሬ ያለቀሰችውን አስታወሰች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ደረቷን እየመታች አወረደችው። እኔም ቁልፉን ተጭኜ ቀዳሁት። ስትጨርስ ፊቷን በወንዙ ውኃ ታጠበችና፣ «ይኼ የምነግርሽንም ለአስተማሪሽ ንገሪው» አለች። «ሙሾ ሐሰት አይወድም። ያላበላውን አበላ፣ ያልሠራውን ሠራ ብትይ አገር ይታዘብሻል። በሬሳ ላይ አይዋሽም።»

በማግስቱ አባቴ ገበያ ወረደ። ስልኩ የእሱ ነው፤ ደሴ ያለው አጎቴ አዲስ ሲገዛ የሰጠው፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ። ገበያ ላይ ይሰርቁኛል ብሎ ስለሚፈራ ሁልጊዜ ለእኔ ትቶልኝ ይሄዳል። የጆሮ ድምፁ ስለተበላሸ የሚሰማው በላውድ ብቻ ነበር። ማታ ይመለሳል የተባለው አባቴ አልተመለሰም፤ ሲዘንብ ውሏልና ወንዙ ሞልቶበት ከዘመድ አድሯል አልን። ጎረቤቶቻችን ግን ወንዝ ሲሞላ እንቅልፍ የላቸውም፤ በነጋታው ከጠዋት ጀምሮ «ገባ?» እያሉ እናቴን ይጠይቋት ነበር። ይህን ልብ ማለት ነበረብኝ።

እኔ ልቤ የት አለ? ሥራውን የምናስገባው በዚያው ሳምንት ነው፣ ቃሉን ገና አልጻፍኩትም፤ እርከኑ ላይ እንዳልወጣ ዝናቡ ይወርዳል። እናቴ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ዝናቡ ከሰው ቤት አስጠልሏታል። ቤቱ ባዶ ነው። አንዴ ብቻ ልስማው አልኩ። መሐላዬን እንደ ዋዛ በላሁት። ስከፍተው ግን የዝናቡ ድምፅ ከቆርቆሮው ጋር ሆኖ አላሰማኝ ቢል፣ ስልኩን ትልቁ የብረት ድስት ውስጥ ከተትኩት። አቤት ድምፅ! ድስቱ እንደ ከበሮ አስተጋባው። እኔ መሬት ተቀምጬ፣ አንድ ስንኝ እሰማለሁ፣ አቆማለሁ፣ እጽፋለሁ፣ መልሼ እከፍታለሁ።

እርሻው ጦም አደረ፣ በሬው ደጅ ቆሟል፤
ሰው አክባሪው ጌታ ምነው ዛሬ አርፍዷል?

ይህችን «ምነው ዛሬ አርፍዷል» የምትለውን ወድጃት አምስቴ ሳልሰማት አልቀርም። ዝናቡ ማባራቱን ልብ አላልኩም።

መጀመሪያ የሰማሁት የቅርብ ጎረቤታችንን ጩኸት ነው። «ወየው! ወየው ወንድሜ!» ቀና ስል ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በአጥሩ ቀዳዳ ትገባለች። ከኋላዋ ሌላ፣ ከእሷ ኋላ ሌላ። የአልቃሿን ድምፅ የማያውቅ የለም፤ ከቤታችን ይሰማል፤ አባቴ ከገበያ አልገባም፤ ወንዙ ሞልቷል። ሂሳቡ ያለቀለት ነው። አንዱ ከላይ ሰፈር ለታች ሰፈር በጩኸት አስተላለፈ። ተራራቁ፣ እጅ አትጨባበጡ የተባለው ሁሉ ተረስቶ አገር ግልብጥ ብሎ መጣ።

«ኧረ ማንም አልሞተም!» ብዬ ድስቱን ታቅፌ ወጣሁ።

«ምስኪን፣ ነፍሷን አታውቅም» አሉና ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ያዙኝ። አንዷ ድስቱን ከእጄ ለመቀማት ታገለችኝ። «ስልኩ ነው! ስልኩ ነው ያለቀሰው!» ስል ይብስባቸው ጀመር። «ለየላት፣ ልጄን! ውኃ አምጡ!» እናቴ እንስራዋን ተሸክማ ስትመጣ ሰው ወደ ቤቷ እየጮኸ ሲጎርፍ አየች። ማንንም አልጠየቀችም። እንስራው ተከሰከሰ፣ እሷም ወደቀች። ያኔ እኔም ግራ ገባኝ፤ ምናልባት እውነት ሞቶ ይሆን እንዴ አልኩ። የለቅሶ ነገር እንደዚህ ነው። ሬሳው የታለ ብሎ የጠየቀ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ «ወንዝ ወስዶታል» አሉት፣ እሱም አመነ። ወንዶቹ በትር ይዘው ወንዙን ተከትለው ሬሳ ሊፈልጉ ተማከሩ። የታች ሰፈሩ ሼህ «ኢና ሊላሂ» እያሉ፣ ቄሱም መቋሚያቸውን ይዘው ደረሱ።

በዚህ መሐል ራሷ አልቃሿ እየሮጠች መጣች። የገዛ ድምፅዋ እንደጠራት አላወቀችም። የሰማችው የሰዉን ጩኸት ነው። ገብታ ደጃችን መሐል ቆመች፣ ሰዉ ዝም አለላት፣ ጀመረች።

እዚህ ላይ ያደረግኩትን ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ፤ ዛሬም ደስ ይለኛል። እናቴ መሬት ላይ ናት። አገር ያለቅሳል። እኔ እጄን ድስቱ ውስጥ ሰድጄ ስልኩን አወጣሁና ቀዳኋት። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ማለት ምን ዓይነት ጨካኝ ፍጥረት እንደሆነ ያን ቀን አወቅኩ። በሬውን አነሳች፣ እርሻውን አነሳች፣ እንግዳ አቀባበሉን አነሳች። ከዚያ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

አገሬው ልጅ ሲልክ ባሕሩን አሻግሮ፤
እሱ ሰው አረጋት ሐይቅ ልኮ አስተምሮ።

ሴቶቹ «እውነት ነው! እውነት ነው!» ብለው ተቀበሏት። እኔ የማውቀውን አያውቁም። አልቃሿም አታውቅም። 

ያን ጊዜ አባቴ አጥሩ ሥር ቆሞ ነበር። ወንዙ ጎድሎለት፣ አህያውን እየነዳ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ነው የመጣው። ጩኸቱን ከሩቅ ሲሰማ እናቴ ወይም እኔ የሞትን መስሎት እየሮጠ ደረሰ፤ ከአጥሩ ሲደርስ የሚጠራው የራሱ ስም ነው። በኋላ እንደነገረን፣ ቆሞ የራሱን ሙሾ ሰማ። ያችኑ ስንኝም ሰማ። ከዚያ አህያው ቀደመውና ገባ፣ እሱም ተከትሎ ገባ።

ምድር ቀውጢ ሆነ። ያች የመጀመሪያዋ ጎረቤታችን ወድቃ ተዘረረች። ልጆች አጥር ዘለው ጠፉ። እናቴ ተነስታ መጀመሪያ አቀፈችው፣ ቀጥላ በጥፊ መታችው፣ ቀጥላ አቀፈችው። ቀድማ የባነነችው አልቃሿ ናት።

«አንተ!» አለችው እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ይኼን ሁሉ እንባ አስፈስሰህ በእግርህ ትመጣለህ?»

ሰዉ እያለቀሰ ሳቀ፣ እየሳቀ አለቀሰ። ነገሩ ሲጣራ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ስልኩን አወጣሁ፣ አሰማሁ፣ ተናዘዝኩ። አልቃሿ የገዛ ድምፅዋን ስትሰማ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ምን ብዬሽ ነበር?» አለችኝ ዝቅ ብላ። «ሬሳውን ፍለጋ ይዞራል አላልኩሽም?»

ሽማግሌዎቹ ነገሩ በቀላል አይታለፍም አሉ። ያለ ሬሳ የወረደ ሙሾ በምርቃት ይመለሳል ተባለ። አባቴን በእርጥብ ልብሱ ደጃፍ ላይ አስቀመጡት። ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ ጸሎት አደረሱ፤ ሰዉም አንዱ አሚን፣ አንዱ አሜን እያለ ለሁለቱም ተቀበለ። ከዚያ ባዶ አፉን የሚመለስ ለቀስተኛ የለምና፣ እናቴ ያለችንን ቂጣና ንፍሮ አወጣች። «የቁም ተዝካሩን በላንለት» እያሉ እየተሳሳቁ ሄዱ።

አባቴ አልሳቀም። ሰዉ ሲበተን እጁን ዘረጋ። ስልኩን ሰጠሁት። ኪሱ ከተተው። አልተቆጣም፣ አልመታኝም፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ለሰውየው ቃሉን ሰጥቶ እንደመጣ ከእናቴ ፊት አውቄያለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ለእኔም ለእሷም ከእህ በቀር ቃል አልወጣውም። ቀን ቀን እኔ ባዶ እጄን ድንጋዬ ላይ ወጥቼ ወደ ሐይቅ እያየሁ እቆማለሁ። ክፍሉ ያለ እኔ እየተማረ ነው። ያንን ስሜት ለጠላቴም አልመኝም።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ከእርሻ ተቆጥቶ መጣ። ከቤታችን ሩቅ ነው እንጂ እርሻው ላይ ኔትወርኩ ጥሩ ነው፤ ድምፁን ማጥፋት ደግሞ አያውቅም።

«ቀኑን ሙሉ ኪሴ ውስጥ ሲንጫጫ ዋለ፤ በሬው ደነበረ» አለ። «እስቲ ምን እንደሚሉ አሰሚኝና ዝም አሰኚልኝ።»

ወደ እርከኑ ወጣን። እሱ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፣ እኔ አጠገቡ ቆምኩ። መልእክቶቹን አንድ በአንድ ከፈትኩ። «ነፋሷ የት ጠፋች?» «ታመመች እንዴ? አላህ ይማራት።» «ያንቺ ብቻ ነው የቀረው፣ ፍጠኚ።» መጨረሻ ላይ መምህራችን፣ ከዶሯቸው ጋር፤ «ልጄ፣ ክፍሉ ያንቺን ሥራ ሳይሰማ አይዘጋም። እስከ ማታ እንጠብቃለን።»

አባቴ ይህን ሁሉ ሰው አንድ በአንድ ሲሰማ ገረመው። «ይኼ ሁሉ አንቺን ነው የሚጠብቅ?» አለ።

«እኔን ነው። አባዬ፣ የወንዙን ልላከው ወይስ ያንተን?»

«የኔን ምን?»

ቀድቼው እንደነበር ያኔ ነው የነገርኩት። ከፈትኩለት። አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማ። ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ግን ሰው የራሱን ሙሾ በቁሙ ሰምቶ ትንሽም ቢሆን ደስ ሳይለው አይቀርም መሰለኝ። «በይ የኔን ላኪው» አለኝ።

ላክሁት። ከእነ ታሪኩ፣ ከድስቱ እስከ ጥፊው አወራሁላቸው። ግሩፑ በሳቅ ፈረሰ። ሃምሳ ሰው በየቤቱ ሲንፈቀፈቅ በአንዲት በተሰነጠቀች ስልክ ውስጥ ይሰማል፤ አባቴም ሳያስበው ሳቀ። ከሦስት ቀን በኋላ ሲስቅ ሳየው ልቤ ጮቤ ረገጠ። አልቃሿ ስለ ሐሰት ያለችውንም ነገርኳቸው። መምህራችን ሳቁ ሲበርድ ጥያቄ ወረወሩ።

«እንግዲህ ፍረዱ። ሙሾ እውነት መናገር አለበት ወይ? የመጨረሻዋን ስንኝ ይዛችሁ ተከራከሩ።»

ያቺኑ። ሃምሳ ስንኝ እያለ ያቺኑ። ዓይኔን ከአባቴ አሸሸሁ።

የዓሣ አጥማጁ ልጅ ቀደመ። «አባትየው ካላስተማራት ግጥሙ ሐሰት ነው፤ ቤት ስለመታ አይድንም» አለ። ሌላው አይደለም አለ፣ ሙሾ ጌጥ ነው አለ። ደረቅ ክርክር ሆነ። ከዚያ የአርዲቦዋ ልጅ መጣች።

«ወላሂ እኔ በሁለታችሁም አልስማማም» አለች። «ሙሾ ለሟች አይደለም፤ ሟቹማ አይሰማም። አልቃሿ ያንን ያለችው እዚያ ለቆሙት አባቶች ነው። እሱ እንዲህ ነበረ፣ እናንተስ እያለቻቸው ነው። ግን የሱ እውነት ካልሆነ፣ ለሌሎቹ አባቶች ምኑን ልታሳያቸው? ሴትዮዋ ባዶ እጇን ቀረች ማለት ነው።»

አባቴ አገጩን ያዘ። «ይቺ የማን ልጅ ናት?» አለኝ።

«የአርዲቦ ናት።»

«አንደበት አላት።»

የዓሣ አጥማጁ ልጅ መልሶ ገባ። ክፋት የለበትም፤ ክርክሩን ማሸነፍ ነው የፈለገው። «እንግዲያው ባለቤቷ ትጠየቅ። ነፋሷ፣ አባትሽ እውነት ያስተምሩሻል? ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ትመለሻለሽ?»

ቁልፉን ተጫንኩ። አዎ ብል አባቴ አጠገቤ ነው፣ ያውቃል። አይ ብል አባቴን በሃምሳ ሰው ፊት ገድዬው ነው፣ ያውም ለሁለተኛ ጊዜ። አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። ቁልፉን ለቀቅኩት። ነፋስ ብቻ ሄደ።

 ሁሉም የገባው ይመስለኛል።  አባቴ ጭቃ ያለበትን እጁን በጋቢው ጠራርጎ ዘረጋ።

«የቱን ነው የሚጫኑት?»

አሳየሁት። እንዳይለቀው ፈርቶ በአውራ ጣቱ አጥብቆ ያዘው፣ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ፤ ከወንዝ ማዶ ላለ ሰው እንደሚናገር ጮክ ብሎ ተናገረ።

«እንደምን ዋላችሁ። ሟቹ ነኝ። ሴትዮዋ ስታለቅስልኝ እውነት አልነበረም። ገበያ ወርጄ ለሌላ ሰው ቃሌን ሰጥቼ ነበር። እሷ አላወቀችም፣ አልቃሿን ውሸታም አትበሏት። ነገ ወርጄ ቃሌን አነሳለሁ። ትምህርት ቤታችሁ የተከፈተ ቀን ልጄን ራሴ አመጣታለሁ። አስተማሪ፣ ይኼን ይመዝግቡልኝ።»

ጣቱን አነሳ። ሄደ። ስልኩን እንደ ሰው ፊት ትኩር ብሎ አየው።

«ሰሙኝ?»

አየሁ። እንባዬ አላሳይ አለኝ፣ ጠርጌ አየሁ። አንድ በአንድ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ከአርዲቦ፣ ከየቤቱ፣ እየከፈቱት ነበር።

«ሁሉም ሰሙህ፣ አባዬ።»

«እንግዲህ ኸአፍ ኸወጣ አፋፍ ነው» አለና፣ ጋቢውን አስተካክሎ ወደ በሬዎቹ ወረደ።